የአባላት ምላስ

ኦቦ ዲንሳ ሽንኩርት አይበሉም ነበር። ጥሬውንም፣ የበሰለውንም። አረቄ አይቀምሱ፣ ትምባሆ አይስቡ፣ በገበያ ዋዜማ በርበሬ እንኳ አይነኩም። ሚስታቸው አዴ አስካለች «እኔ የማበስለው ለባሌ መሰላችሁ? ለምላሱ ነው!» እያሉ ያማርሩ ነበር። እውነታቸውን ነው። አምቦ ውስጥ ከሰውየው ይልቅ ምላሳቸው ይታወቅ ነበር። ቅቤ ቀማሽ ነበሩ።

ቅቤ መቅመስ ደግሞ ምን ሥራ ነው የምትሉ፣ ክፉ ቅቤ ነጋዴ ያልገጠማችሁ ናችሁ። እግዜር አያግጥማችሁ። የተቀቀለ ድንች ይቀላቅልበታል፣ ሞራ አቅልጦ ይጨምርበታል፣ እሱ ቢያቅተው ውሃ ያጠጣዋል። ከላይ ስታዩት ለጋ ነው፤ ኮባ ላይ ተቀምጦ ያብረቀርቃል። ኦቦ ዲንሳ በጥፍራቸው ጫፍ ቆንጠር ያደርጉና ምላሳቸው ላይ ያስቀምጡታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ «ይሄ የወንጪ ነው፣ ላሟ ደጋ ነው የጋጠችው» ይላሉ። ወይም «ይሄ ድንች ነው፣ ሂድና ወጥ ሥራበት» ይላሉ። አንድ ቀን ስተው አያውቁም።

ሌላም ነገር ነበራቸው፤ መካነ ኢየሱስ ነበሩ። ይሄ ለቅቤ ምን አገባው እንዳትሉኝ። የአምቦ ቅቤ ነጋዴ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ ይሸጣል እንጂ አይቀምስም። ሑዳዴ ሲገባማ ሻጩም ጾመኛ፣ ገዢውም ጾመኛ፣ መኪናው ላይ የሚጭነው ወዛደርም ጾመኛ። ለፋሲካ የሚሆነው ቅቤ ሁሉ በዚያ ሰሞን ሲገዛና ሲሸጥ፣ ከእሳቸው በቀር ምላሱ ላይ የሚያደርግ የለም። ነጋዴዎቹ «ኦቦ ዲንሳ፣ ጴንጤነትዎ ለእኛ ነው የበጀን!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ሳንቲም አይቀበሉም። ኑሯቸው በእህል መጋዘን ዘበኝነት ነበር። ከቀመሱ በኋላ በአምቦ ውሃ ተጉመጥምጠው፣ ባለሱቁ «ግቡ፣ እህል ቅመሱ» ቢል እሺ አይሉም። «አባቴ አስታራቂ ሽማግሌ ነበር» ይሉኛል። «ነገር ሊሰማ የገባበትን ቤት ውሃ እንኳ አይጠጣም ነበር። እኔም የቀመስኩበትን ቤት አልበላም።»

ያን ጊዜ እኔ ልጅ ነኝ። ፋንቱ እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ ሥራ አጥቼ እናቴ ቤት የተጎለትኩበት ዘመን ነው፤ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በደርግ ጊዜ። በዚያ ዓመት አንድ መኪና ሙሉ የአምቦ ቅቤ ድንች ተገኝቶበት ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ወይ ጉድ! የከተማው ስም ጠፋ። መርካቶ ላይ «የአምቦ ነው» ካልክ ገዢው ጀርባውን ይሰጥህ ጀመር። ነጋዴዎቹ ተደናግጠው ተሰበሰቡና ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀመንበሩ ጉርሙ ነበር። ዕድሜው አንቱ የሚያሰኝ ነው፤ እኔ ግን አንቱ አልለውም፣ አክብሮቱ ይቅርብኝ።

ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም። አንድ ሰው የሁሉንም ሱቅ ቅቤ በየወሩ ይቅመስ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይበል፤ ደረጃው በቆርቆሮ ተጽፎ በየበሩ ይሰቀል። የአዲስ አበባው ገዢ መምጣት አያስፈልገውም፤ ሹፌሩን ልኮ «ባለ አንደኛውን ጫንልኝ» ቢል ይበቃዋል። እኔ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቀማሹማ ማን ሊሆን ነው? ኦቦ ዲንሳን አስጠሩ።

«ደሞዜን የሚከፍለኝ ማነው?» አሉ ቆመው።

«ማኅበሩ ነዋ!» አለ ጉርሙ።

«ማኅበሩ ማነው?»

«እኛ ነና!» ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ኦቦ ዲንሳ አልሳቁም። አንድ ሳምንት ስጡኝ ብለው ሄዱ። በዚያ ሰሞን የእህል መጋዘኑ ተዘግቶ ከሥራ ወጥተዋል፤ ልጃቸው ዱሬቲ ገና ተማሪ ናት። በሳምንቱ ቢሮ መጡና ከሁሉ በፊት ለእኔ ነገሩኝ። «ፋንቱ፣ አሰብኩበት። የአንድ ሰው እንጀራ ብበላ ለእሱ አደላለሁ። የሁሉንም ብበላ ግን ለማን አደላለሁ? ከሁሉ መብላት ከማንም እንዳለመብላት ነው።» እኔ ታዲያ ምን አውቃለሁ፣ የሰሎሞን ጥበብ መሰለኝ። ከማኅበሩ ውጭ ሰው መኖሩን ሁለታችንም አላሰብነውም። አፈር በበላሁ!

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። በሁለተኛው ወር ለራሱ ለጉርሙ ሦስተኛ ሰጡት። «ውሃ አለበት» አሉት ሰው ፊት። ጉርሙ ቀላ፣ ሳቀ፣ ቆርቆሮውንም ሰቀለ። ይህ ወሬ መርካቶ ሲደርስ «ሊቀመንበሩን ሦስተኛ ያለ ሰው አይዋሽም» ተባለና መኪናው ይጎርፍ ጀመር። የአምቦ ቅቤ ስሙ ታደሰ። እኔ ራሴ «ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራነው!» እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ግን በየሐምሌው ጠቅላላ ስብሰባ አለ። የቀማሹ ውል የሚታደሰውም ያን ዕለት ነው። በሦስተኛው ዓመት ሁለት ነጋዴዎች ተነሥተው፣ «መዋጮ ከፍለን ስማችንን የምናስጠፋው ምን በወጣን?» ብለው ማኅበሩን ጥለው ወጡ። ጉርሙ አልተቆጣም፤ ቀስ ብሎ፣ «ኦቦ ዲንሳ፣ ሦስተኞቹ እየወጡ ካለቁ የርስዎን ደሞዝ የሚያዋጣው ማነው?» ብቻ አለ። ማንም «ይዋሹ» አላላቸውም። ሆኖም ከዚያ ስብሰባ በኋላ አምቦ ውስጥ ሦስተኛ የሚባል ቅቤ ጠፋ። መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እንደዚያ ነው የሆነው።

አሁን የኔን ጥፋት ልናገር። በዚያው ስብሰባ፣ «አባል ላልሆነ ነጋዴ ምን ይጻፍለት?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። እኔ እጄን አወጣሁ። የነጋዴዎቹን ስም ዝርዝር መናኸሪያው ላይ እንለጥፍ፤ በአባላቱ ትይዩ ደረጃቸው ይጻፍ፤ አባል ባልሆነው ትይዩ «ያልተመዘነ» ይባል አልኩ። «ጎበዝ!» ብለው አጨበጨቡልኝ። እኔም ፊቴ በራ። ያልተመዘነ ማለት ውሸት አይደለም እኮ፤ ግን የአዲስ አበባ ሹፌር ያንን ሲያነብ የሚገባው «ድንች አለበት» ነው። ይህን አለማወቄ አይደለም። አባል እንዲበዛ ፈልጌ ነው።

አባል ካልሆኑት መካከል ሲንቄ ነበረች። ባሏ ሹፌር ነበር፤ ሞቶባት ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። መናኸሪያው አጠገብ መዳፍ በምታክል ጠባብ ሱቅ የእናቷ ዘመዶች ከወንጪ በፈረስ የሚያመጡላትን ቅቤ ትሸጣለች። ማኅበሩ ሳይቋቋም ኦቦ ዲንሳ ራሳቸው ለመጣው ሁሉ «ቅቤ ከፈለጋችሁ ሲንቄ ጋ ሂዱ» ይሉ ነበር። መግቢያውንና የዓመቱን መዋጮ ባንድ ጊዜ ክፈይ ስትባል አልቻለችም። ደግሞም እልኸኛ ናት። «ቅቤዬ ንጹሕ ነው ለመባል እኔው ልክፈል? ይሄማ ለምስክር ጉቦ መስጠት ነው» አለችኝ። ተናድጄባት ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሁላችን የገባት እሷ ነበረች።

ዝርዝሩ በተለጠፈ በሦስት ወሩ ደንበኞቿ አለቁ። አንድ የቀራት የአዲስ አበባ ገዢ «ደረጃሽን አምጪና እወስዳለሁ» ብሎ ሹፌሩን ባዶ መለሰው። ያን ዕለት አንድ ኪሎ የሚሆን ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ቢሮ ገባች። ኦቦ ዲንሳ፣ ጉርሙና እኔ ነበርን።

«ኦቦ ዲንሳ» አለች ቆማ፣ «አባል አድርጉኝ አልልም። ደረጃም አልለምንም። ይቅመሱትና ያገኙትን ለዚያ ሰውዬ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ። ክፉ ከሆነ ክፉ ነው ይበሉ። ካልሆነ ሱቄን መዝጋቴ ነው።»

ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ፊታቸውን እያየሁ ነው፤ ለዓመታት ያላየሁት ደስታ አየሁበት። ሲገልጧቸው ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ይመስል ነበር። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጉርሙ ቀደማቸው።

«ሲንቄ፣ እኛ አንቺን ጠልተን አይደለም። ያልከፈለ ሰው ካስመዘነ፣ ነገ የሚከፍል ማን ይኖራል? ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው። እንዲያ አይደለም ኦቦ ዲንሳ?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ነገሩ እኮ ትክክል ነው! ኦቦ ዲንሳ እሷን ሳያዩ፣ «መዝገቡ ላይ የለሽም፣ ልጄ» አሉ።

ሲንቄ አልጮኸችም። «ምላስዎ ላይ ግን አለሁ» ብላ ቅቤዋን ጠቅልላ ወጣች። በወሩ ሱቋን ዘግታ፣ ልጆቿን ይዛ እህቷ ወዳለችበት ወደ ጌዶ ሄደች። መሬት ላይ ተቀምጣ ትሸጣለች አሉን።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ያው አልነበሩም። ቀልዱ ቀረ። ቢሮ ገብተው «አንደኛ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ» ይሉኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ይሄዳሉ።

ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሑዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጉርሙ ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ የሚጭነውን አሥራ ሁለት ትልልቅ ጣሳ አስደረደረ። ኦቦ ዲንሳ ከመጀመሪያው ጣሳ ቆነጠሩ። ምላሳቸው ላይ አደረጉ፣ ወዲያው ፊታቸው ተኮማተረ። በአምቦ ውሃ ተጉመጠመጡ። ደግመው ተጉመጠመጡ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ «ምን ልበል?» አልኩ።

ጉርሙ ስለ ቅቤው አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ዱሬቲ ዘንድሮ ማትሪክ ናት አይደል?» አለ። «እሰይ፣ ትጠንክር። የሐምሌውም ስብሰባ ይኸው ደረሰ።»

በዚያ ግቢ ውስጥ ከአሥር የማያንስ ሰው ነበር፤ ሁሉም ጾመኛ። አንዳቸውም ቅቤውን ቀምሰው «ኸረ ይሄ ነገር!» ሊሉ አይችሉም። እኔም ጾመኛ ነኝ። ከተማው በሙሉ ለሁለት ወር ምላሱን አውጥቶ ለአንድ ሰው አደራ ሰጥቶ ነበር። ኦቦ ዲንሳ መሬት መሬት እያዩ፣ «አንደኛ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ፊታቸውን አይቻለሁ እኮ! አልጠየቅኋቸውም።

በፋሲካ ማግስት ነው ጉዱ የፈላው። በአዲስ አበባ ስንቱ ቤት የዶሮ ወጡ ሲበርድ እንደ ሻማ ረጋ። ሞራ ነበር። ሁለት ወር ጾሞ፣ ለዚያች ለአንዲት ቀን የጓጓ ሰው ምን እንደሚል አስቡት። በሳምንቱ መኪናዎቹ ተመልሰው መጥተው ጣሳዎቹን ቢሮአችን ደጃፍ ላይ ወረወሯቸው። አንድ ገዢ የኔን የእጅ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት እያውለበለበ፣ «አንደኛ! አንደኛ!» እያለ ይጮህ ነበር። የጉርሙ ብቻ አልቀረም፤ ንጹሑም አብሮ ተጣለ። መርጋ የሚባል አንድ ቅን ነጋዴ ነበረን፣ አንድ ቀን እንኳ ውሃ ያልጨመረ። እሱም ከበሩ ላይ ቆርቆሮውን ራሱ ነቅሎ ጣለው፤ «አንደኛ» የሚለው ቃል ስድብ ሆነበት።

የመጨረሻው ስብሰባ ላይ መርጋ ተነሥቶ፣ «ጥፋቱ እኛ መክፈላችን ነው፤ ገዢዎቹ ይክፈሉት» አለ። ሌላው «ያኔ ደግሞ በርካሽ እንዲገዙ ሁሉንም ሦስተኛ ይልልናል» አለ። አንዱ «መንግሥት ይክፈል» ሲል ሁሉም ወለል ወለሉን አየ። ጉርሙ አልተገኘም፤ አሞኛል ብሎ ቀረ። ሳንስማማ ተበተንን፣ ማኅበሩም በዚያው ቀረ።

ዘንድሮ፣ በሰማንያ ሦስት፣ ያው ማኅበር እንደገና ሊቋቋም ነው ሲሉ ሰማሁ። ኦቦ ዲንሳ ባለፈው ጥር አርፈዋል፤ ሌላ ቀማሽ ይዘዋል አሉ። ጸሐፊ ሁኚ ብለው መጡ። «ደሞዙን ማን ይከፍላል?» አልኳቸው። «አባላቱ ነና!» አሉኝ፣ እየሳቁ። መፍትሔውን ብታውቂው ንገሪን ካላችሁኝ አላውቀውም። ያለ ክፍያ የሚቀምስ ሰው ይራባል፤ ሰው እየራበው ደግሞ እውነት ሲናገር ብዙ አላየሁም። ቢያንስ ግን ያልከፈለውንም ይቅመሱለት፤ ከደረጃው በታችም «የቀማሹን ደሞዝ የከፈለው ይህ ባለሱቅ ነው» ብለው ይጻፉ። ይህን ስላቸው «አንቺ ደግሞ ቀልደኛ ነሽ» ብለውኝ ሄዱ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ማኅበሩ ከፈረሰ በኋላ ኦቦ ዲንሳን ለቅምሻ የጠራቸው ሰው የለም። ሽንኩርት መብላት ጀመሩ። አዴ አስካለች ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ። በሰማንያ አንድ ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽንኩርትና በርበሬ እንዳልነኩ ነገሩኝ። «ፋንቱ፣ ጌዶ ውሰጂኝ። ያቺን ልጅ ሰው ፊት ነው የበደልኳት፣ ሰው ፊት ልካሳት» አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩ በሆዴ። ግን የኔም ዕዳ ነበረበት፤ በጠዋት አውቶቡስ ይዘን ጉደርን አልፈን ሄድን።

ጌዶ ገበያው ደርቷል። ሲንቄ ቅቤዋን በኮባ ላይ ደርድራ መሬት ተቀምጣለች፤ ጠቁራለች፣ ከስታለች። ፊት ለፊቷ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ቁጢጥ ብሎ ይከራከራል። ያላትን በሙሉ ሊወስድ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ሊመጣላት ነበር ንግግሩ። ስታየን ደነገጠች፤ ሰላም አላለችንም። ኦቦ ዲንሳ ጎንበስ ብለው ከአንዱ ቆነጠሩና ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ፣ ያ የድሮው ፊታቸው ነበር፣ በሞቴ!

«ወገኖቼ!» አሉ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ቀጥለውም በኦሮምኛ፣ ከዚያ እንደገና በአማርኛ። «እኔ ዲንሳ ኩምሳ ነኝ። አርባ ዓመት ቅቤ ቀምሻለሁ። ከዚህች ሴት ቅቤ የሚበልጥ በምላሴ አልፎ አያውቅም። አንደኛ ነው! ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን ነው አሁን የምለው፣ ዱጋ ነው፣ እውነት ነው!»

ነጋዴው ቀና አለ። ሰውየውን ትክ ብሎ አያቸው።

«የአምቦው ዲንሳ? ያ የሞራው?»

ነጋዴው ሲንቄን አየት አድርጎ ወደ እሳቸው ተመለሰ።

«ስንት ከፈለችህ?»

ዙሪያው የነበረ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ነጋዴው በእጁ የያዘውን ቅቤ መልሶ ኮባው ላይ አስቀመጠ፣ እጁን በመሀረብ ጠረገ፣ ተነሣ። ሲንቄ ብድግ ብላ «ጌታዬ፣ ይቅመሱት! ራስዎ ይቅመሱት!» አለች። ረቡዕ ነበር። ጾመኛ ነው።

ሲንቄ ወደ ኦቦ ዲንሳ ዞረች። ተቆጥታ ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። «ኦቦ ዲንሳ፣ ማሎ፣ እባክዎ» አለቻቸው ቀስ ብላ፣ «አያመስግኑኝ። ልጆች አሉኝ።»

ክንዳቸውን ይዤ በሰው መሐል መራኋቸው። ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን ሌላ ገዢ ሲንቄን «ማናቸው ሰውየው?» ሲላት ሰማን።

«አላውቃቸውም» አለችው።